«ራስን መሆን» ምንድን ነው?

«ራስህን ሁን» የማይል ሰው የለም። ቲክቶክ ላይ አለ፣ የምረቃ ንግግር ላይ አለ፤ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚገባ ልጅም በሩ ላይ ሲደርስ ይነገረዋል። ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ማንም አያብራራለትም። ስለዚህ ብዙ ሰው ራስን መሆን ማለት አፍ ላይ የመጣውን ሁሉ መናገር ይመስለዋል። «እኔ ግልጽ ሰው ነኝ፣ በሆዴ አልይዝም» እያለ የሰው ቅስም የሚሰብር ሞልቷል። እኔ ይህን ራስን መሆን አልለውም።

ሐሳቡን አፍታተው ካስረዱት አንዱ እ.ኤ.አ. ከ1902 እስከ 1987 የኖረው አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ካርል ሮጀርስ ነው። ሮጀርስ ሦስት ነገሮችን ይለያል። አንደኛው በእርግጥ ውስጣችን የሚሰማን ነው። ሁለተኛው፣ ከዚያ ውስጥ እኛው ራሳችን ያወቅነው ነው። ሦስተኛው ለሌላ ሰው የምናሳየው ነው። ሦስቱ ሲገጥሙ ሰውየው ራሱን ሆኗል። ነገሩ ሁለት ቦታ ላይ ሊበላሽ ይችላል፤ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

የመጀመሪያውን ባለቤቱ ራሱ አያውቀውም። ክርክር የያዘ ሰው አስቡ። ፊቱ ቀልቷል፣ ድምፁ ጨምሯል፣ ጣቱን ይቀስራል። «ምን ያናድድሃል?» ሲሉት «ማን? እኔ? ኧረ አልተናደድኩም!» ይላል። ይህ ሰው እየዋሸ አይደለም። ንዴቱን ቤቱ ሁሉ አይቶታል፤ እሱ ብቻ አላየውም።

ሁለተኛው እያወቁ መደበቅ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታን ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም።

ጓደኛህ ገንዘብ የሚነካ ሥራ አግኝቶ «ዋስ ሁነኝ» አለህ እንበል። ልጁን ትወደዋለህ። ገንዘብ አያያዙንም ታውቃለህ። ሆድህ እምቢ ብሏል፤ አፍህ ግን «ችግር የለውም፣ ለአንተ ያልሆንኩ ለማን ልሆን!» ይላል። ከዚያ ሰበቡ ይጀምራል። መጀመሪያ የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አልደረሰም። ቀጥሎ የሚፈርመው ሰውዬ መስክ ወጥቷል። በመጨረሻ ስልክ አይነሳም። ልጁ ቀኑ ያልፍበትና ሥራው ያመልጠዋል። አንተም መንገድ ላይ ስታየው ወደ ማዶ ትሻገራለህ። እምቢ ላለማለት ስትል ጓደኛህንም አጣህ፣ እሱንም ጎዳኸው።

ይሉኝታ ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ጎረቤት ለቅሶ ሲቀመጥ ሙዚቃ የሚያስቀንሰን እሱ ነው። ይሉኝታ የሌለው ሰው ምን ያህል እንደሚያስቸግርም እናውቃለን። ግን ይሉኝታ ሰውን ለማክበር መሆኑ ቀርቶ ራስን መሸሸጊያ ሲሆን ዋጋው ይከብዳል። ዋስ ሁነኝ የተባለው ሰው እንዲህ ማለት ይችል ነበር፦ «ወንድሜ፣ ዋስትና እኔን ያስፈራኛል። እምቢ ስልህም ጨንቆኛል። ቀኑ እንዳያልፍብህ ግን ከአሁኑ ሌላ ሰው ፈልግ።» ፍርሃቱንም ጭንቀቱንም ተናገረ። «አንተ ገንዘብ አባካኝ ነህ» አላለም፤ ማለትም አልነበረበትም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው። የሚያውቀውን ሁሉ ግን አልተናገረም። ራስን መሆን የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ የሚታይ ይመስለኛል።

ሥርዓትና ማስመሰልም መለየት አለባቸው። «እንዴት አደርክ?» ሲሉህ «እግዚአብሔር ይመስገን» ወይም «አልሐምዱሊላህ» ብትል ማንንም አላታለልክም። እንግዳ ሄደህ መጀመሪያ «በልቻለሁ» ብትልም ባለቤቲቱ ደንቡን ታውቀዋለች፤ «በሞቴ» ብላ ትጨምርልሃለች። ሁለቱም ወገን የሚያውቀው ነገር አስመሳይ አያሰኝም።

መደበቅ ግን ሰውነትንም ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ1993 ጄምስ ግሮስና ሮበርት ሌቨንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ለተማሪዎች የሚያስጸይፍ የሕክምና ፊልም አሳዩ። ከፊሎቹን ስሜታቸው በፊታቸው እንዳይታወቅ አዘዟቸው። ፊታቸው በእርግጥ ታዘዘ። መጸየፉ ግን ከሌሎቹ አላነሰላቸውም፤ ቆዳቸው እንዲያውም ይበልጥ አላበ። ጥርስ ባዳ ነው የምንለው ይህንን ነው። ጥርስ ሲስቅ ሌላው አካል አብሮት አይስቅም።

ሮጀርስ ነገሩን ከራሱ ሙያ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ፣ አማካሪ ከሚረዳው ሰው ጋር በተቀመጠበት ሰዓት ራሱን መሆን አለበት ይላል። በሕይወቱ ሁሉ እንከን የሌለበት ይሁን አላለም። አማካሪው «ይህን ሰውዬ ፈርቼዋለሁ» ወይም «በራሴ ጣጣ ተጠምጄ እየሰማሁት አይደለም» የሚል ስሜት ሊመጣበት ይችላል። ዋናው ለራሱ አለመካዱ ነው። ለማን ይናገረው የሚለው ኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው፤ ለባለጉዳዩ ወይም ለሥራ ባልደረባው ሊሆን ይችላል። ይህን ቅደም ተከተል በጣም እወደዋለሁ። መጀመሪያ ለራስ ማመን፣ ከዚያ ለማንና እስከምን ድረስ እንደሚነገር መምረጥ።

ምርጫው ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተሰጠም። ሪያድ ወይም ቤሩት ሰው ቤት የምትሠራ እህታችን አሠሪዋ ስትጮህባት ፊቷን አታጠቁርም። ብታጠቁር ደሞዟ ሊያዝ ይችላል፣ ከዚያም የባሰ ሊመጣባት ይችላል። እሷን «ራስሽን ሁኚ» ብሎ መምከር ግፍ ነው። መደበቋ ማስመሰል አይደለም፤ ራሷን እየጠበቀች ነው። ሮጀርስ ከለያቸው ከሦስቱ ነገሮች ከእሷ የማይወሰደው ሁለተኛው ነው፦ የሚሰማትን ማወቅ። «ተበድያለሁ፣ ተናድጃለሁ፣ ጥፋቱም የእኔ አይደለም» ብላ ለራሷ ማመን ትችላለች። ይህን የካደች ቀን ስድቡን እንደሚገባት አድርጋ መቀበል ትጀምራለች፤ እኔ የምፈራላት ይህንን ነው።

ማታ እናቷ በኢሞ ስትደውልላት ሁሉንም ማራገፍ የለባትም። «ደህና ነኝ እማዬ፣ ምንም አልሆንኩም» እያለች ዓመት ከዓመት መዝለቅም የለባትም። «ዛሬ ደክሞኛል፣ ሆድም ብሶኛል፤ ነገ በሰፊው እንጫወት» ማለት ትችላለች። ይህ ውሸት የለበትም፤ እናትንም በጭንቀት አያሳድርም።