ባለ16 ገጽ ቡክሌት፦ የፊደል አቀማመጥና የገጽ ቅንብር መለማመጃ

የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ የፊደል አቀማመጥንና የገጽ ቅንብርን ከሚለማመድባቸው መንገዶች አንዱ አነስተኛ ቡክሌት አዘጋጅቶ፣ አትሞ፣ አጥፎና ሰፍቶ ማስረከብ ነው። ፖስተር ላይ ስሕተት ይደበቃል፤ ቡክሌት ላይ ግን በ2ኛው ገጽ የተመረጠ የመስመር ክፍተት እስከ 15ኛው ይከተላል። ሥራው በአማርኛ ሲሆን ሌላም ፈተና አለ፦ ከላቲን ፊደል መማሪያ የሚገለበጡ ልኬቶች ለግዕዝ ፊደል አብዛኛውን ጊዜ ይጠብባሉ።

የተለመደው መጠን 16 ገጽ ነው፤ አራት ኤ4 ወረቀት ከመሐሉ ሲታጠፍ ስምንት ቅጠል ይሆናል። ብዙ የብራና መጻሕፍት ጥራዞችም በዚሁ ልክ፣ አራት ወይም አምስት ድርብ ቅጠል ተደራርቦ የተሠሩ ናቸው። ጸሐፊው ብዕሩን ከማንሳቱ በፊት ብራናውን በወስፌ እየወጋ ያሰምር ነበር፤ ዛሬ በኢንዲዛይን ወይም በስክራይበስ የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም የሚዘረጋው የመስመር መረብ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ለዚህ መጠን 2,000 ቃል ገደማ ይበቃል። ጽሑፉ ገጽ ላይ ከመግባቱ በፊት ይጸዳል፤ ተማሪ የሚቸኩለውም እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል። ለዓይን አንድ ይመስላል፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት ምልክት ስለሆነ መስመር ጫፍ ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል። በፍለጋ ሁሉንም በ«።» መተካት ደቂቃ አይፈጅም። ከምልክቱ በፊት የገባ ባዶ ቦታም ይሰረዛል፤ ካልተሰረዘ አራት ነጥቡ ብቻውን ቀጣዩ መስመር ላይ ይወድቃል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ከመካተቱ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ደግሞ ፎንቱ ሲቀየር የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። በመለወጫ ፕሮግራም ካለፈ በኋላ እንደገና መነበብ አለበት። «ዓለም» ወይስ «አለም»፣ «ፀሐይ» ወይስ «ጸሀይ» የሚለውም አስቀድሞ ተወስኖ በአንድ ወረቀት ላይ ይያዛል።

ቡክሌቱ ተቆርጦ ሲያልቅ 140 በ200 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። የቢሮ ማተሚያ የወረቀቱን ዳር 4 ሚሊሜትር ያህል ሳያትም ይተዋል፤ ልክ በኤ5 (በታጠፈው ኤ4 ልክ) ቢሠራ እስከ ጠርዝ የተዘረጋ ፎቶ ነጭ ዳር ይቀርበታል። ኅዳጉ ከውስጥ 17፣ ከውጭ 15፣ ከላይ 16፣ ከታች 20 ሚሊሜትር ሲሆን 108 በ164 ሚሊሜትር የጽሑፍ ቦታ ይቀራል።

የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አብዛኛው የመስመሩን ቁመት ሊሞላ ይቀርባል። ኢንዲዛይን በራሱ የሚሰጠው የመስመር ክፍተት የፊደሉ መጠን 120 በመቶ ስለሆነ፣ 10.5 ፖይንት ጽሑፍ 12.6 ላይ ተቀምጦ ገጹ ይጠቁራል። 16 ፖይንት ሲሰጠው ይተነፍሳል፤ በገጽ 29 መስመር ይገባል። ሁለት አምድ ያምራል ብሎ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው፦ በዚህ ስፋት አንድ አምድ አራት ቃል ገደማ ብቻ ይይዛል፤ የአማርኛ ቃል ደግሞ ረጅም ነው፤ በግራና በቀኝ እኩል ሲደረግ በቃላት መካከል ጉድጓድ ይፈጠራል። አንድ አምድ፣ በግራ ብቻ የተስተካከለ፣ ለጀማሪ ይሻላል።

ለማጉላት ፊደሉን ማዝመም አይመከርም፤ የግዕዝ ጽሕፈት የዘመመ ፊደል ልማድ የለውም። ብራና ላይ ለዚህ የሚያገለግለው ቀይ ቀለም ነበር፤ አሁንም ያምርበታል። ደማቅ ፊደል ከተፈለገ ፎንቱ ራሱ ደማቅ ይኑረው። ኒያላና አቢሲኒካ ኤስአይኤል አንድ ውፍረት ብቻ ስላላቸው በግድ ሲወፍሩ የ«ሜ» እና የ«ጬ» ቀለበቶች ይደፈናሉ፤ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክ ብዙ ውፍረት አለው።

ለኅትመት ገጾቹ በተራ አይደረደሩም። የመጀመሪያው ወረቀት በአንድ ፊቱ 16 እና 1፣ በጀርባው 2 እና 15 ይይዛል፤ ሁለተኛው 14 እና 3፣ ከጀርባው 4 እና 13፤ እንዲህ እያለ መሐሉ 8 እና 9 ላይ ይደርሳል። ጎን ለጎን ያሉት ድምራቸው ሁልጊዜ 17 ነው፤ ካልሆነ ስሕተት አለ። ማተሚያው በአጭሩ ጠርዝ እንዲገለብጥ ካልታዘዘ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል። ከሁሉ በፊት ባዶ ወረቀት አጥፎ፣ ቁጥር ጽፎበት ዳሚ (የሙከራ ቡክሌት) መሥራት ብዙ ወረቀት ያድናል።

ኤ4 ወረቀት በአብዛኛው ጭረቱ (የወረቀቱ ክሮች የተደረደሩበት አቅጣጫ) በረጅሙ ጎን ስለሚሄድ ለቡክሌት ሲታጠፍ ጭረቱን ይሰብራል። 80 ግራም ላይ ብዙም አይታይም፤ 250 ግራም ሽፋን ግን እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። አስቀድሞ በማስመሪያና በደነዘዘ ስለት ጫና ይደረግበታል፣ ወይም ጭረቱ በአጭሩ ጎን የሚሄድ ወረቀት ይፈለጋል። ሁለት ስቴፕል ከውጭ ወደ ውስጥ በእጥፋቱ ላይ ይመታል፤ ቁርጡ ከስፌት በኋላ ነው። ሲታጠፍ የውስጡ ወረቀት ወደ ውጭ ይገፋልና፤ በአራት ወረቀት ይህ ከግማሽ ሚሊሜትር አያልፍም፣ በ48 ገጽ ግን ከ1 ሚሊሜትር በላይ ሆኖ ዳር ላይ የተቀመጠ የገጽ ቁጥርን ወደ ስለቱ ያስጠጋዋል።