ለሪሳይክል የሚያስቸግሩ የውበትና የንጽሕና መጠበቂያ ማሸጊያዎች

ትልልቅ የሻምፖና የፈሳሽ ሳሙና ጠርሙሶች አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓይነት ፕላስቲክ የሚሠሩ በመሆናቸው፣ አሰባሰቡ እስካለ ድረስ ታጥበው፣ ተፈጭተውና ቀልጠው እንደገና ጥሬ ዕቃ ለመሆን ብዙም አያስቸግሩም። የሊፕስቲክና የማስካራ መያዣ፣ የጥርስ ሳሙና ቱቦ፣ የሎሽን ፓምፕ፣ የፊት ፓውደር መያዣ፣ የጥፍር ቀለም ብልቃጥና የመሳሰሉት ግን የተለመደው የቆሻሻ መለያ ሥርዓት የሚያስተናግዳቸው ዕቃዎች አይደሉም። ተጠቃሚው በቅን ልቦና ከሌላው ፕላስቲክ ጋር ለይቶ ቢያስቀምጣቸውም እንኳ አብዛኞቹ መጨረሻቸው የቆሻሻ መድፊያ ወይም ማቃጠያ ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት ትንሽነታቸው ነው። በመለያ ማዕከላት የተሰበሰበው ደረቅ ቆሻሻ በማጓጓዣ ቀበቶ ላይ እየሄደ በተለያዩ ወንፊቶች ያልፋል፤ በሁለት አቅጣጫ ከ5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚያንስ ነገር ከብርጭቆ ስብርባሪና ከአፈር ጋር ወደ ታች ይወርዳል። አንድ የሊፕስቲክ ክዳን ከምርጥ ፕላስቲክ የተሠራ ቢሆን እንኳ ዓይነቱን የሚለየው መሣሪያ ዘንድ ሳይደርስ ከመስመሩ ይወጣል ማለት ነው።

ሁለተኛውና ይበልጥ አስቸጋሪው ምክንያት የቁሳቁስ ቅልቅል ነው። አንድ የሎሽን ፓምፕ ብቻውን ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ፕላስቲክ የተሠራ አካል፣ ፖሊኢቲሊን ከተባለ ሌላ ፕላስቲክ የተሠራ መምጠጫ ቱቦ፣ የብረት ሞላና አንዳንድ ጊዜም ትንሽ የብርጭቆ ወይም የብረት ኳስ ይይዛል። የፊት ፓውደር መያዣ ደግሞ ጠንካራ ፕላስቲክ፣ በማጣበቂያ የተለጠፈ መስታወት፣ ዱቄቱ የተጠቀጠቀበት ቀጭን የብረት ሳህንና አንዳንዴ ማግኔት አንድ ላይ የተገጣጠሙበት ዕቃ ነው። እነዚህ ክፍሎች ዕድሜ ልክ እንዳይላቀቁ ታስበው የተሠሩ ናቸው፤ ፈትቶ ለመለየት የሚጠይቁት የሰው ጉልበትም ከሚገኘው ጥሬ ዕቃ ዋጋ ይበልጣል። የጥርስ ሳሙና ቱቦም ለረጅም ጊዜ የዚሁ ችግር ምሳሌ ነበር፤ ሽታውና ጣዕሙ እንዳይጠፋ ተብሎ በሁለት የፕላስቲክ ንብርብሮች መካከል ስስ አሉሚኒየም ይገባበት ነበርና። ኮልጌት ኩባንያ በ2019 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የወተት ጠርሙስ ከሚሠራበት ጠንካራ ፖሊኢቲሊን ብቻ የተሠራና ሪሳይክል ሊደረግ የሚችል ቱቦ ይፋ አድርጎ አሠራሩን ለተፎካካሪዎቹ ጭምር ክፍት ማድረጉ፣ ችግሩ በተፈጥሮ የመጣ ሳይሆን የንድፍ ምርጫ ውጤት መሆኑን በግልጽ አሳይቷል።

ቀለምም የራሱ ጣጣ አለው። የመለያ መሣሪያዎች የፕላስቲኩን ዓይነት የሚያውቁት ከላዩ በሚያንጸባርቀው፣ በዓይን በማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ሲሆን፣ ለጥቁር ፕላስቲክ ማቅለሚያነት የሚውለው የካርቦን ጥላሸት ግን ብርሃኑን ስለሚውጠው መሣሪያው ዕቃውን አያየውም። ውፍረት ባላቸውና ብርጭቆ በሚመስሉ የክሬም መያዣዎች ላይ የሚዘወተረው ፒኢቲጂ የተባለ ፕላስቲክ ደግሞ ከተለመደው የውሃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ባነሰ ሙቀት ስለሚለሰልስ፣ ከእሱ ጋር ሲቀላቀል እየተጣበቀ ምርቱን ያበላሻል። ከዕቃው ሥር የሚታየው ቁጥር ያለበት ሦስት ማዕዘን ብዙ ሰዎችን ያሳስታል፤ ከ1988 ጀምሮ በአሜሪካ የፕላስቲክ ኢንዱስትሪ የተስፋፋው ይህ ምልክት የሚናገረው የፕላስቲኩን ዓይነት ብቻ እንጂ ዕቃው ሪሳይክል እንደሚደረግ አይደለም። ያልጸዳ ቅሪት ያለባቸው ዕቃዎች ሌሎችን ይበክላሉ። የጥፍር ቀለምና ሽቶ፣ እንዲሁም በግፊት የሚረጩና ባዶ ያልሆኑ ቆርቆሮዎች ተቀጣጣይ ስለሆኑ ከመደበኛው ቆሻሻ ተለይተው መያዝ አለባቸው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት ኩባንያዎች ባዶ ዕቃ በሱቆቻቸው መቀበል ጀምረዋል። ማክ የተባለው የመዋቢያ ድርጅት 6 ባዶ ዕቃ ለመለሰ ደንበኛ አንድ ሊፕስቲክ በነፃ ሲሰጥ ኖሯል። በ2001 በአሜሪካ የተመሠረተው ቴራሳይክል ለብዙ የውበት ምርት አምራቾች ዕቃዎቹን ሰብስቦ ይለያል፤ በ2021 የተቋቋመው ፓክት ኮሌክቲቭ ደግሞ ለትርፍ ያልቆመ የዘርፉ ኅብረት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ አሰባሰብ ዕቃው በእጅ ሊለይ ስለሚችል ትንሽነት እንቅፋት መሆኑ ይቀራል። ሉሽ የተባለው የመዋቢያ ምርቶች ኩባንያ ጥቁር የፖሊፕሮፒሊን መያዣዎች ጥሩ ማሳያ ናቸው፦ በተለመደው መስመር ጥቁርነታቸው እንቅፋት የሚሆንባቸው እነዚሁ ዕቃዎች፣ ለብቻቸው ሲሰበሰቡ ምንነታቸው አስቀድሞ ስለሚታወቅ እንደገና መያዣ ይሆናሉ። ከብዙ አምራቾች ተደባልቆ የመጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዝቅተኛ ደረጃ ምርት ይወርዳል፤ ጨርሶ የማይለየውም ለኃይል ማመንጫ ይቃጠላል፤ ይህም ሪሳይክል ሊባል አይገባውም። ወጪው በአምራቹ በጎ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ የማስታወቂያው መጠን ከሚሰበሰበው ዕቃ መጠን ጋር ሁልጊዜ አይመጣጠንም።

ከዚህ የበለጠ ውጤት የሚጠበቀው ከንድፍ ለውጥ ነው። ሞላው ጭምር ከፕላስቲክ የተሠራ የአንድ ቁስ ፓምፕ፣ ማሸጊያ እምብዛም የማይፈልግ ጠጣር ሻምፖ፣ ውስጡ ብቻ የሚለወጥ የክሬም መያዣና የመሳሰሉት በገበያ ላይ ይገኛሉ። በድጋሚ የሚሞላ ዕቃ ግን ሁልጊዜ የተሻለ ነው ማለት አይደለም፤ ከባዱ የውጭ መያዣ ደጋግሞ ካልተሞላ የፈጀውን ቁስ አያካክስም፤ መሙያው የሚሸጥበት ለስላሳ ከረጢትም ብዙ ጊዜ ከተነባበሩ ቁሶች የሚሠራ ነው።

ሕግም ወደዚሁ እየገፋ ነው። በየካቲት 2025 የጸናው የአውሮፓ ኅብረት የማሸጊያ ደንብ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከ2030 ጀምሮ ማሸጊያዎች ለሪሳይክል በሚመች ንድፍ እንዲሠሩ ያስገድዳል፤ በሆቴሎች ለእያንዳንዱ እንግዳ የሚቀርቡትን ትናንሽ የሻምፖና የሎሽን ማሸጊያዎችም ይከለክላል። ካሊፎርኒያ በ2019 ባወጣችው ሕግ ይህንኑ እርምጃ ቀድማ ወስዳለች፤ ክልከላው ከ177 ሚሊ ሊትር በታች በሆኑ የፕላስቲክ ጠርሙሶች ላይ ሲሆን፣ ከ50 በላይ ክፍል ባላቸው ሆቴሎች ከ2023፣ በሌሎቹ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል።