ስለ ኮሌጅ የገንዘብ እርዳታ የሚወሩ ስህተቶችና እውነታው

አሜሪካ ውስጥ ልጅ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ወላጅ የሚፈራው አንድ ቁጥር አለ። ድሮ «ከቤተሰብ የሚጠበቅ መዋጮ» ይባል ነበር። ከ2024–25 የትምህርት ዘመን ጀምሮ «የተማሪ እርዳታ መለኪያ» ወይም ኤስ.ኤ.አይ በሚባል ተተክቷል። የሚሰላው ፋፍሳ በተባለው የፌዴራል ማመልከቻ ላይ ከሚሞላው መረጃ ነው። በየለቅሶ ቤቱና በየቤተክርስቲያኑ ግቢ የሚሰማውን አምነው ቅጹን ሳይሞሉ የሚቀሩ ቤተሰቦች በጣም ያሳዝኑኛል።

«ቁጥሩ 8,000 ከሆነ 8,000 ዶላር ክፈሉ ማለት ነው»

አይደለም። ኮሌጁ የዓመቱን ጠቅላላ ወጪ ይይዝና ቁጥሩን ይቀንስበታል። ወጪው 30,000 ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ እርዳታ 22,000 ተብሎ ይመዘገባል። ችግሩ፣ አብዛኛው ኮሌጅ ይህን ሁሉ አይሸፍንም። ስለዚህ ከኪሳችሁ የሚወጣው ከ8,000 ሊበልጥ ይችላል። ልጁ በውጤቱ ጥሩ ስኮላርሺፕ ካገኘ ደግሞ ሊያንስ ይችላል።

«ደህና ገቢ ስላለን ብንሞላም ዋጋ የለውም»

ሙሉት። የወላጅ ገቢ የማይገድበው የፌዴራል ብድር አለ። ብዙ ስቴቶችና ኮሌጆችም የራሳቸውን እርዳታ የሚሰጡት ፋፍሳን አይተው ነው።

«ቁጠባውን በልጁ ስም ብናደርገው ይሻላል»

ይሄኛው ብዙ ቤተሰብ ይጎዳል። ቀመሩ ከወላጅ ሀብት የሚወስደው ቢበዛ 5.64 በመቶ ነው። ከተማሪው ግን 20 በመቶ ይወስዳል። 10,000 ዶላር በእናንተ ስም ቢቀመጥ ቁጥሩን ቢበዛ በ564 ከፍ ያደርገዋል፤ በልጁ ስም ከሆነ በ2,000። የምትኖሩበት ቤትና የጡረታ ቁጠባችሁ፣ ማለትም 401 ኬ እና የመሳሰሉት፣ በፋፍሳ እንደ ሀብት አይቆጠሩም። አንዳንድ የግል ኮሌጆች የሚጠይቁት ሲኤስኤስ ፕሮፋይል ግን የተለየ ቅጽ ነው፤ ስለ መኖሪያ ቤታችሁ ዋጋም ይጠይቃል።

«አዲስ አበባ ያለው ቤት አይመለከታቸውም»

ይመለከታቸዋል። የሀብት ጥያቄውን የመመለስ ግዴታ ካለባችሁ፣ ከመኖሪያችሁ ውጭ ያለ ቤት የትም አገር ቢሆን ዕዳው ተቀንሶ ይሞላል።

«ለእናቴ በየወሩ ስለምልክ ይቀነስልኛል»

አይቀነስም። እናትህ አገር ቤት ከሆኑ በቤተሰብ ብዛት ውስጥም አይገቡም፤ ለመቆጠር አብረውህ መኖር አለባቸው። እንደኔ ይህ ቀመር የእኛን ኑሮ አያውቅም። ወር በገባ ቁጥር ገንዘብ የሚልክ ሰውና ምንም የማይልክ ሰው እኩል አቅም እንዳላቸው ተደርጎ ይሰላል።

«18 ዓመት ስለሞላው የእኛ ገቢ አይታይም»

ይታያል። ለብቻው ቢኖርም፣ በታክስ ላይ ባታስገቡትም ይታያል። 24 ዓመት የሞላው፣ ያገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ያለው ወይም በውትድርና ያገለገለ ሲሆን ግን የወላጅ መረጃ አይጠየቅም። ሌሎችም ጥቂት ሁኔታዎች አሉ፤ ቤተሰብ አያግዘኝም ማለት ብቻውን ግን አይበቃም።

«ሁለት ልጆች ኮሌጅ ካሉ ቁጥሩ ለሁለት ይከፈላል»

ድሮ የወላጅ ድርሻ ይካፈል ነበር። አዲሱ ቀመር ይህን አስቀርቷል። ታላቁን ባስገባችሁበት ጊዜ የነበረውን ስሌት ለታናሹ አትጠብቁ።

«እኛ ወረቀት ስለሌለን ልጃችን አያገኝም»

የሚታየው የተማሪው ሁኔታ ነው። ዜጋ፣ ግሪን ካርድ ያለው፣ ስደተኛ ሆኖ የገባ ወይም ጥገኝነት የተሰጠው ተማሪ ማመልከት ይችላል። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌለው ወላጅም በፌዴራል የተማሪ እርዳታ ድረ-ገጽ ላይ የራሱን አካውንት ከፍቶ በፋፍሳ ላይ ያለውን ድርሻ መሙላት ይችላል።

«ቁጥሩ ከወጣ በኋላ ምንም ማድረግ አይቻልም»

ፋፍሳ የሚያየው የሁለት ዓመት በፊት ታክስ ነው፤ ለ2026–27 የ2024 ገቢ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራ ካጣችሁ፣ ገቢያችሁ ከወረደ ወይም ከባድ የሕክምና ወጪ ከመጣ ለኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጻፉ። የሥራ ስንብት ደብዳቤውንና የሆስፒታል ሂሳቡን አያይዙ። ቢሮው መረጃውን የማስተካከል ሥልጣን አለው። አንዱ ኮሌጅ ቢቀበል ሌላው ላይቀበል ስለሚችል፣ ልጁ ላመለከተበት ለእያንዳንዱ ለየብቻ ጠይቁ።