«ጋሼ፣ የቱርክ ቤት ነው አይደል?» ስለ ኮፕሪቭሽቲጻ ደጋግሜ የምሰማቸው ስህተቶች

በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ቡልጋሪያ ዋና ከተማ ሶፊያ መጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። ዘመድ አዝማድ ከስዊድንም ከጀርመንም ብቅ ሲል አገር የማሳየቱ ሥራ የእኔ ነው፤ የምወስዳቸውም ኮፕሪቭሽቲጻ ነው። ከሶፊያ በስተምሥራቅ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በስሬድና ጎራ ተራሮች መካከል፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ገና የመጀመሪያው በር ላይ ስንደርስ ያ ጥያቄ ይመጣል። ቃሉ እንኳ አይለወጥም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆች ነው።)

«የቱርክ ቤቶች ናቸው።» አይደሉም። ለምን እንደዚያ እንደሚመስል ይገባኛል፤ ቡልጋሪያ ወደ አምስት መቶ ዓመት በኦቶማን ሥር ነበረች፣ ወደ መንገድ ወጣ ያለው ፎቅ፣ ግድግዳውን የከበበው መደብ፣ የተቀረጸው የእንጨት ኮርኒስ ከኢስታንቡል እስከ ሳራዬቮ ያለ አሠራር ነው። ገንዘቡ ግን የማን ነው? እዚያ ላይ ነው ሰው የሚዘለው። እዚህ ብርድ ላይ እህል እምብዛም አይሆንም፤ በግ ግን ይሆናል። የከተማዋ ቡልጋሪያውያን በግ አረቡ፣ የበግ ግብር የመሰብሰቡን ሥራ ከመንግሥቱ እየተጫረቱ ወሰዱ፣ «አባ» የሚሉትን ወፍራም የሱፍ ጨርቅ እስከ ኢስታንቡልና ግብፅ ድረስ ነገዱ። ከበሩ። ቤቱን ያቆመው ይኼ ገንዘብ ነው።

አምና የእህቴ ልጅ፣ ለዚያውም አርክቴክቸር የምትማር፣ ስልኳን እያሳየች «ጋሼ፣ የቱርክ ተብሎ ተጽፏል እኮ!» አለችኝ። ምንም ሳልመልስ የኦስሌኮቭ ቤት ወሰድኳት። በ1856 ያለቀ ቤት ነው። ደጁን የተሸከሙት ሦስት ዓምዶች ከሊባኖስ መጡ የሚባሉ የሳይፕረስ ግንዶች ናቸው፤ ያው የፈረንጅ ጥድ የምንለው ዓይነት። እጇን አስደገፍኳት፤ የብዙ ሰው መዳፍ ያሻሸው እንጨት ልስልስ ብሏል። ቀና ስትል ግድግዳው ላይ የጣሊያን ከተሞች ተስለዋል። ከዚያ ባለቤቱን ነገርኳት። ሀብታም ነጋዴ ነበር። በ1876 በኦቶማን አገዛዝ ላይ የተነሡት አማፂዎች ልብስ የተሰፋው እዚሁ ቤት ውስጥ ነው፤ ለዚህም ፕሎቭዲቭ ላይ ሰቀሉት። የሰቀሉት እነማን እንደሆኑ ራሷ ደረሰችበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ የባሰ ነው፦ «ቤቶቹ የተረፉት ጀግኖቹ ከተማዋን ስለተከላከሉ ነው።» መስማት ደስ ይላል፤ እውነት ግን አይደለም። አመፁ በጥቂት ሳምንታት ተደመሰሰ። ፓናጊዩሪሽቴ ነደደች፣ ክሊሱራ አመድ ሆነች፣ ባታክ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን የተሸሸገ ሕዝብ ሳይቀር ታረደ። ኮፕሪቭሽቲጻን ያተረፋት ጉቦ ነው። ቾርባጂ የሚባሉት ባለጸጎች ከመጣው ጦር ጋር ተደራድረው ከፈሉ፣ እሳቱም ቀረ። የአመፁ መሪ ካብሌሽኮቭ ተይዞ ጋብሮቮ ላይ ራሱን አጠፋ፤ 25 ዓመቱ ነበር። ሌላው የከተማዋ ልጅ ቤንኮቭስኪም ሲሸሽ ተገደለ። እንግዶቼ ይኼን ሲሰሙ ፊታቸው ይጠቁራል፤ ሀብታሞቹን ባንዳ ማለት ያምራቸዋል። እስቲ ረጋ በሉ። ከነዚያ ሀብታሞች አንዱ አሁን ያልኳችሁ የተሰቀለው ኦስሌኮቭ ነው። ፎቶ የምትነሱበት መስኮት ሁሉ ሁለት ጊዜ የተከፈለበት ነው፤ አንዴ ሲሠራ፣ አንዴ እንዳይቃጠል።

«የኤፕሪል አመፅ ከሆነ በኤፕሪል እንሂድ።» አንድ ወዳጄ ለኤፕሪል 20 ሆቴል ያዘ፤ ያገኘው ዝናብ ብቻ ነበር። አመፁ የፈነዳው ኤፕሪል 20, 1876 ነው፤ ግን በጁልያን አቆጣጠር። ቡልጋሪያ የዛሬውን አቆጣጠር የተቀበለችው በ1916 ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ልዩነቱ 12 ቀን ስለነበር ዕለቱ ሜይ 2 ይውላል፤ ጠመንጃ የሚተኮስበት የመታሰቢያ ትርዒትም የሚታየው በሜይ መባቻ ነው። ሌላው ይደናገር፣ ሐበሻ እንዴት በካላንደር ይደናገራል? በእኛ ሚያዝያ 25 ቀን 1868 ዓ.ም. ነበር። ደግሞም የታሰበው ለሜይ 1 (በጁልያን) ነበር፤ ምስጢሩ ወጥቶ ፖሊሶች ካብሌሽኮቭን ሊይዙ ሲመጡ ነው የተጣደፈው።

«የደም ደብዳቤው በደም የተጻፈ ነው።» ካብሌሽኮቭ አመፁ መጀመሩን ለሌሎቹ ያሳወቀበት ደብዳቤ ነው። የተጻፈው በቀለም ነው፤ በደም የተደረገበት የመስቀል ምልክት ነው።

«የጽጌረዳ አገር ናት።» ጽጌረዳው ካዛንላክ ሸለቆ ነው። የኮፕሪቭሽቲጻ ስም የመጣው ኮፕሪቫ ከሚለው ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሳማ። አዎ፣ የሚለበልበው ሳማ።

«ሙዚየም እንጂ ሰው የሚኖርባት አይደለችም።» ሁለት ሺህ ያህል ሰው ይኖርባታል። ስለዚህ ተከፍቶ ባገኛችሁት ግቢ ሁሉ ዘው አትበሉ፤ እኔ አንዴ በዚህ ምክንያት ከአንዲት አሮጊት ተግሣጽ ጠጥቻለሁ።

«የባህል ፌስቲቫሉ በየዓመቱ ነው።» ከ1965 ጀምሮ፣ እንደ ልማዱ በአምስት ዓመት አንዴ ነው። የ2020ው በኮቪድ ሳቢያ ወደ 2022 ተገፍቷል። ሳታጣሩ ትኬት አትቁረጡ።

«ባቡሩ ከተማው ድረስ ይገባል።» ጣቢያው ከከተማዋ ወደ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ይርቃል። አውቶቡሱ ካመለጣችሁ መንገዱን በእግር ትለኩታላችሁ፤ በበረዶ ለክቼዋለሁ። ጫማችሁም ተረከዘ ረጅም አይሁን፣ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ንጣፍ ነው። ሰኞና ማክሰኞም ባትሄዱ ይሻላል፤ ሙዚየሞቹ በየተራ ስለሚዘጉ ግማሹን የምታዩት ከውጭ ነው።

መቃብሩ ላይ የተቀመጠችውን፣ አገጯን በእጇ ደግፋ የምትጠብቀውን ሐውልት ደግሞ ብዙ ሰው እመቤታችን ይላታል። የገጣሚው የዲምቾ ዴቤልያኖቭ እናት ናት፤ የቀራፂው የኢቫን ላዛሮቭ ሥራ። ልጇ በ1916 በጦር ሜዳ በ29 ዓመቱ ወደቀ፤ አፅሙ የመጣው በ1931 ነው። ይኼን ሁሉ ለእህቴ ልጅ ቆሜ አስረዳሁ። አዳመጠችኝ፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ተሳለመቻት። እኔም ዝም አልኩ።