ነሐሴ ላይ የታየ ትምህርት ቤት

ሐዋሳ ውስጥ ፊዚክስ ሳስተምር 16 ዓመት ሆነኝ። ክረምት በመጣ ቁጥር 8ኛ ክፍልን ያለፈ ልጃቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች "ግቢውን አየት አድርገን እንመዝግበው" ይሉኛል። ዛፉን ያያሉ፣ አዲስ የተቀባውን ግድግዳ ያያሉ፣ በተቆለፈ ክፍል መስኮት አጮልቀው ይመለሳሉ። ልጁ ከኋላ ቆሞ ስልኩን ይነካካል። እባካችሁ፣ ይኼን ጉብኝት አትበሉት። ከወላጅ የምሰማውን አንድ በአንድ ልመልስ።

"ነሐሴ ላይ ማየቱ ይበቃል።" ገበያ በማይቆምበት ቀን ገበያ ሄዶ የእህል ዋጋ ማጣራት ይቻላል? ሚያዝያ ወይም ግንቦት ላይ፣ በትምህርት ቀን፣ ከጠዋቱ ሰልፍ በፊት ኑ፤ ልጁ ከተማሪዎቹ ጋር ክፍል ገብቶ ይዋል። ልጁም በአባቱ መኪና ሳይሆን በየቀኑ በሚመላለስበት ባጃጅ ይምጣ። ከአቶቴ ሰፈር ተነስቶ ሁለት ባጃጅ መቀየር ካለበት ያን ዕለት ይወቀው።

"ክፍል ገብቶ እንዲቀመጥ አይፈቅዱም።" ጠይቃችኋል? ርዕሰ መምህሩን ወይም ዩኒት ሊደሩን ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ብታናግሩ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። እምቢ ካሉም ምክንያቱን ስሙ፤ እሱም አንድ መረጃ ነው።

"ይፈትኑታል።" የመግቢያ ፈተና ካለ ለብቻው ቀን ይቆረጥለታል።

"ትምህርቱ ካልገባው አይችልም ማለት ነው።" 9ኛ ክፍል ከቋንቋዎቹ በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአንድ ቀን ግማሹ ቢያመልጠው ምን ይገርማል?

"100 ፐርሰንት አሳልፈዋል፣ በሩ ላይ ተለጥፏል።" ከስንት ተፈታኝ? የ12ኛ ክፍል ፈተና ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ፈተና በአገር ደረጃ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። አሥር አስፈትኖ አሥር ማሳለፍና 300 አስፈትኖ 40 ማሳለፍ አንድ አይደሉም። ቁጥሩን ከነዓመቱ ጠይቁ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፦ "ላብራቶሪ አለው።"

ሁሉም አለው! በሩ ላይ ተጽፏል። የሚሠራበት ላብራቶሪ ግን ንጹሕ አይደለም። ጠረጴዛው ላይ የተቃጠለ ቦታ አለ፣ አንድ ሁለት ቢከር ጠርዙ ተሸርፏል፣ ማጠቢያው ቧንቧ ውኃ አለው። ማይክሮስኮፑ ፋብሪካ ያለበሰውን ፕላስቲክ እስካሁን ከለበሰ ጌጥ ነው። ርዕሰ መምህሩን ትታችሁ አንዱን የ10ኛ ክፍል ተማሪ "የሽንኩርት ልጣጭ በማይክሮስኮፕ አይታችሁ ታውቃላችሁ?" በሉት። እኛ ትምህርት ቤት ስንት ጊዜ እንደታየ ተማሪዎቼን ብትጠይቁ እኔም አፍራለሁ፤ እሱን አልክድም።

ደግሞ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ ጠይቁ። አምና የእህቴን ልጅ ይዤ ስሙን የማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። ላብራቶሪውን አሳዩን ስል "ቁልፍ የያዘው ሰው ስብሰባ ሄዷል" አሉኝ። ከሰዓት ተመልሼ ጠየቅሁ፤ አሁንም ስብሰባ ላይ ነው። በመስኮት ሳይ፣ የተሰባበሩ ዴስኮች እስከ ጣሪያ ተደርድረዋል። ልጅቷ በበኩሏ ክፍል ውስጥ ነው የዋለችው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ መምህር አልገባም፤ አጠገቧ የተቀመጠችው ተማሪ "ሐሙስ ሐሙስ አይገባም" ብላታለች። ይኼንን ለእኔ በቢሮ በኩል ማን ይነግረኝ ነበር?

ማታ እናቷ "እንዴት ነው፣ እዚያ ትማሪያለሽ?" አለቻት።

"አልማርም።"

እኔ ስለ ላብራቶሪው ልቀጥል አፌን ስከፍት፣ "የሴቶቹ ሽንት ቤት በር የለውም" አለች። 16 ዓመት ሙሉ ወላጅ ስመክር በር ቆጥሬ አላውቅም።