ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ ጊዜው ሁለት

ፒያሳ ወይም ቸርችል ጎዳና ካሉት የጉዞ ወኪሎች ወደ አንዱ ገብቶ የዋሽንግተን ደርሶ መልስ ትኬት የሚቆርጥ ሰው ሁለት የማይመሳሰሉ ቁጥሮች ያጋጥሙታል፤ መሄጃው 17 ሰዓት ገደማ፣ መመለሻው 13። በቦሌ ኤርፖርትና ቨርጂኒያ ውስጥ በሚገኘው ደለስ ኤርፖርት መካከል ያለው ርቀት ግን ሲሄዱም ሲመለሱም 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አብራሪዎች በሚጠቀሙበት የባሕር ማይል 6,240 ይሆናል።

ይህ ቁጥር የሚለካው በምድር ክብ ገጽ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ላይ በማስመሪያ ቢሰመር መንገዱ ሰሃራን አቋርጦ በሞሪታንያ አካባቢ ውቅያኖስ ላይ ይወጣል። እውነተኛው አጭር መስመር ግን ወደ ሰሜን ጎብጦ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ አልፎ ስፔንና ፖርቱጋልን ይሻገራል። አውሮፕላን ይህን መስመር ሳያዛንፍ አይከተልም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ የአገሪቱ የአየር ክልል በመዘጋቱ ወደ ሰሜን የሚበሩ አውሮፕላኖች መዞር ግድ ሆኖባቸዋል።

ለጊዜው ልዩነት ብዙ ሰው ነፋስን ተጠያቂ ያደርጋል። በእርግጥ በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ተመላሹን ከኋላ ይገፋል፣ ሂያጁን ከፊት ይጋፋል። ዋናው ምክንያት ግን እዚሁ እግራችን ሥር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,330 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አየሩም ከባሕር ዳርቻው በአምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ሞተሩ የሚሰጠው ግፊት ይቀንሳል፤ ክንፉም ክብደቱን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት፣ ፍጥነቱም የበለጠ መንደርደሪያ ይጠይቃል። ስለዚህ ሰውና ጓዝ የሞላ አውሮፕላን እስከ ዋሽንግተን የሚያደርሰውን ነዳጅ በሙሉ ጭኖ ከቦሌ መነሳት ይቸግረዋል። ባለፉት ዓመታት ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ ላይ አርፎ ሲቀዳ የኖረውም ለዚህ ነው። ደለስ ደግሞ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ ስለማይል ተመላሹ ታንኩን ሞልቶ ያለ ማረፊያ ይመጣል። ቢሾፍቱ አቅራቢያ የታቀደው አዲስ ኤርፖርት በከፍታ ከቦሌ ዝቅ ማለቱ ለረጅም በረራ ትልቅ እፎይታ ነው።

ኤርፖርትን ለአውሮፕላን ሲባል ማዛወር ለከተማዋ አዲስ ነገር አይደለም። በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የተደረገው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ በረራ የተነሳው ከልደታ ነበር፤ ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ ስላልበቃ ቦሌ ተሠራ።

የሰዓት ቆጠራው ሌላ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ዋሽንግተንን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ትቀድማለች። በእነርሱ በጋ ከምሽቱ 4:30 ተነስቶ በማግስቱ፣ በዋሽንግተን ጊዜ ጠዋት 2:30 (በፈረንጅ ሰዓት 8:30) የሚደርስ መንገደኛ 10 ሰዓት የተጓዘ ይመስለዋል፤ 7ቱን ሲደምር ነው 17 የሚሞላው። ትኬቱ ደግሞ የሚታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ የማታው 4:30 «22:30» ተብሎ ይጻፋል። ከሁሉም የሚያሳስተው የእኩለ ሌሊቱ ነው። «እሑድ 00:15» የሚል ትኬት የያዘ ሰው ቤቱን መሰናበት ያለበት ቅዳሜ ማታ ነው፤ በረራው ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 6:15 ነውና።