የጠዋት ትምህርት መግቢያ ሰዓት በደሴ

ደሴ ውስጥ የትምህርት ቀን የሚጀምረው በብርድ ነው። ከተማዋ በጦሳ ግርጌ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። የጠዋት ፈረቃ ተማሪ 2 ሰዓት አካባቢ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ላይ መገኘት አለበት። ከገራዶ በኩል በእግሩ የሚመጣው 1 ሰዓት ሳይሞላ ከቤት ወጥቷል። ካረፈደ በር ላይ ይቀራል። ጋቢ ለብሶ መግባት ቢፈቀድ ኖሮ ግማሹ ችግር በተቃለለ ነበር። ጥያቄው የመግቢያ ሰዓቱ ይገፋ ወይ የሚለው ነው።

በዚህ አገር ማልዶ መነሳት የቆየ ልማድ ነው። የቆሎ ተማሪ ቃሉን የሚያጠናው በሌሊት ነው። የወሎ ደረሳም ከሱብሂ ሶላት በኋላ ኪታቡን ይዞ ይቀመጣል። የከተማችን ኩራት የሆነው ወይዘሮ ስህን ትምህርት ቤት የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የእቴጌ መነን እናት ስም ነው የተሰጠው። መምህር አካለ ወልድ ትምህርት ቤት ደግሞ በቦሩ ሜዳው ሊቅ ስም ይጠራል። ሁለቱም ስንትና ስንት ሰው አፍርተዋል። «እኛስ በ12 ሰዓት ተነስተን ተምረን የለ?» የሚል አባት የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ሳይንሱ ግን ወደ ልጆቹ ያደላል። በጉርምስና ጊዜ እንቅልፍ የሚያመጣው ሜላቶኒን የሚመነጨው አምሽቶ ነው። ልጁ በጊዜ ቢተኛም እንቅልፍ አይወስደውም። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ትምህርት ከ2 ሰዓት ተኩል በፊት እንዳይጀመር መክሯል። ሲያትል ከተማ በ2016 የሁለተኛ ደረጃ መግቢያውን ከ1 ሰዓት ከ50 ወደ 2 ሰዓት ከ45 ገፋች። ተማሪዎቹ በቀን 34 ደቂቃ ያህል ተጨማሪ መተኛታቸው ተለካ። ካሊፎርኒያ በ2019 ጉዳዩን ሕግ አደረገችው፤ ሕጉም በ2022 ሥራ ላይ ዋለ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት አለ። ሲያትል ውስጥ በክረምታቸው ፀሐይ የምትወጣው 2 ሰዓት ሊሆን ሲል ነው። እኛ ጋ ዓመቱን ሙሉ ከ1 ሰዓት በፊት ትወጣለች። «ልጆች በጨለማ ከቤት አይውጡ» የሚለው ክርክር ደሴን ብዙም አይመለከትም፤ የሚመለከታት ጉሙና ብርዱ ነው።



ለእኛ የሚቀርበው ከአርጀንቲና የመጣው ጥናት ይመስለኛል። ቦነስ አይረስ ውስጥ በዕጣ ለጠዋት፣ ለከሰዓትና ለምሽት ፈረቃ የተመደቡ ተማሪዎች ተነጻጸሩ። እንቅልፍ ክፉኛ የጎደላቸው የጠዋቶቹ ናቸው። ፈረቃ ደግሞ እኛም የምናውቀው ነገር ነው። ክፍል ሲያንስ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ይማራል። የጠዋቱ ደውል በአንድ ሰዓት ቢገፋ የከሰዓቱ ተማሪ የሚወጣው ሲመሽ ነው። ስለዚህ ሰዓቱን ከመንካት በፊት ክፍል መገንባት ይቀድማል፤ ይህ ብዙ የሚያከራክር አይደለም። የከሰዓት ተማሪ ጠግቦ ይተኛል የሚለው ግን ያጠራጥራል። ጠዋቱን ውሃ ሲቀዳና ሱቅ ሲጠብቅ ያሳልፋል፤ ሴት ከሆነች እንጀራውም አለ።

ሃረጎን ወርደው ኮምቦልቻ ሲደርሱ ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፣ ጠዋቱም ለስላሳ ነው። እዚያ ተማሪ የሚያንጎላጀው 8 ሰዓት ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል ነው።